የዘይት ሙቀት ሴንሰር ኮድ ሲመጣ ጥፋቱ የማን ነው?

መኪናው «ኮምፒውተር ገብቶ» ሲወጣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አጭር ፍርድ ነው፦ «የዘይት ሙቀት ሴንሰሩ ሄዷል፤ ይቀየር።» ስካነሩ ግን እንዲህ አላለም። ስካነሩ ያለው ፒ0197 ወይም ፒ0198 ነው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር በዘይት ሙቀት ሴንሰሩ መስመር ላይ መኖር የሌለበት ቮልቴጅ አይቷል ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ ሴንሰሩ አለ፣ ሁለት ሽቦ አለ፣ በሁለቱም ጫፍ ሶኬት አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ አለ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደታመመ ኮዱ አይናገርም። ሴንሰሩ ስም ስላለው፣ ሱቅ ውስጥም ስለሚሸጥ ብቻ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት መኪናው ሴንሰሩ ይኑረው አይኑረው ማወቅ ይገባል። መንገዳችንን ከሞሉት ትንንሽ ቶዮታዎች ብዙዎቹ፣ ቪትዝና የቆዩት ኮሮላዎች ጭምር፣ የላቸውም፤ ኮምፒውተራቸው የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀው ከራዲያተሩ ውሃ ነው። የኒሳን ባለ 6 ሲሊንደር ቪኪው ሞተሮች፣ የፎርድ ፓወር ስትሮክ ናፍታ ሞተሮች፣ ብዙዎቹ ቢኤምደብሊውዎች ግን አላቸው። አምራቾቹ ይህን ሴንሰር የጨመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የቫልቭ አከፋፈት ጊዜን የሚያስተካክለው ዘዴ በዘይት ግፊት የሚሠራ ሲሆን ዘይቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን ካልታወቀ ኮምፒውተሩ በግምት ያዛል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2003 በተሠራው የፎርድ 7.3 ሊትር ናፍታ ሞተር ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ኢንጀክተሮቹን የሚገፋቸው ራሱ የሞተር ዘይቱ ነው። የማሞቂያ ካንዴላው ለስንት ሰከንድ እንደሚበራ የሚወሰነውም ከዘይቱ ሙቀት ተነሥቶ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ሴንሰሩ ሲዋሽ ጠዋት ማስነሳት ፈተና ይሆናል። በሌላው ላይ ግን የቼክ ኢንጅን መብራት ከመብራቱ በቀር ሹፌሩ ምንም ላያስተውል ይችላል።

(በነገራችን ላይ ይህ መብራት ከቀዩ የዘይት መብራት ጋር አይገናኝም። ቀዩ የሚያወራው ስለ ግፊት ነው፤ እሱ ከበራ ጥግ ይዞ ሞተር ማጥፋት እንጂ ስካነር ፍለጋ መሄድ የለም።)

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አምስት ኮዶች አሉ። ፒ0195 በጥቅሉ «መስመሩ ችግር አለበት» ይላል። ፒ0196 የሚመጣው ቮልቴጁ ከገደብ ሳይወጣ የሚነበበው ሙቀት ግን እምነት የማይጣልበት ሲሆን ነው። ፒ0197 ቮልቴጁ ዝቅ፣ ፒ0198 ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ፒ0199 ደግሞ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒ0198 ላይ ነው። «ከፍተኛ» የሚለውን ቃል አይቶ ዘይቱ የፈላ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ ባለ ቋሚ ሬዚስታንስ በኩል 5 ቮልት ወደ ሴንሰሩ ይልካል። ሴንሰሩ ተርሚስተር ነው፦ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ዝቅ ይላል። ሽቦው ከተበጠሰ ቮልቴጁ ወደ 5 ይሄድና ኮምፒውተሩ ዘይቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የደረሰ ይመስለዋል። ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ ሾርት ካደረገ ቮልቴጁ ዜሮ ይሆንና ዘይቱ የተቃጠለ ያህል ይነበባል። ከዜሮ በታች 40 ሴልሺየስና ፋራናይት የሚገናኙበት ቁጥር ስለሆነ ስካነሩ በየትኛው መለኪያ ተስተካክሎ እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግም። ሰሜን ተራሮች ላይ እንኳ የማይገኝ ብርድ ስክሪኑ ላይ ከታየ ዘይቱን ሳይሆን መስመሩን መፈተሽ ነው።

እንግዲህ ችግሩን ለማግኘት ሰዎች የሚከተሏቸውን መንገዶች እንያቸው።

በጣም የተለመደው መቀየር ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሴንሰር መግዛት፣ መግጠም፣ ኮዱን ማጥፋት፣ መጠበቅ። አንዳንዴ ይሠራል፤ በተለይ ሴንሰሩ በዕድሜ ብዛት ከውስጥ ከተበጠሰ። ችግሩ ባይሠራም ትምህርት አለመስጠቱ ነው። የገባው ዕቃ ያገለገለ ስለሆነ «ይሄም የሞተ ይሆናል» ተብሎ ሦስተኛ ይፈለጋል፤ ሽቦው ግን እዚያው እንደተበጠሰ ነው። ርካሽ ኮፒ ሴንሰር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሶኬቱ ልክ ይሆንና የሬዚስታንስ ልኩ የሌላ አምራች ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ፒ0198 ሄዶ ፒ0196 ይተካል።

ሁለተኛው ቀጥታ ንባብ ማየት ነው። ኦቢዲ 2 አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ መኪኖች በሙሉ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን አውሮፓ በ2001 ቤንዚኑን፣ በ2004 ናፍታውን አስከትላለች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ገበያዎች የተሠራ መኪና ከመሪው ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት አለው፤ ስልክ ላይ የሚያስነብብ ትንሽ መሣሪያ ሰክቶ ቁጥሮቹን ማየት ይቻላል። ለእኔ ከሁሉ የላቀው ፈተና ገንዘብም ጉልበትም የማይጠይቀው የጠዋቱ ንባብ ነው። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ የዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና የሚገባውን አየር ሙቀት ጎን ለጎን ማየት ነው። ሌሊቱን አብረው ስላደሩ ሦስቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አዲስ አበባ በኅዳር ጠዋት ውሃው 11፣ አየሩ 12 ሲል ዘይቱ 34 ካለ ክርክሩ አለቀ። ሦስቱም አንድ ላይ ከዜሮ በታች 40 ካሉ ደግሞ ሦስት ሴንሰር በአንድ ሌሊት አልሞተም፤ የጋራ ግራውንዳቸው ተቋርጧል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። አንዳንድ ኮምፒውተር ጥፋቱን ካወቀ በኋላ የተበላሸውን ንባብ ትቶ ራሱ የፈጠረውን ቁጥር ያሳያል፤ ሞተሩ እንዳይቸገር ብሎ። ስክሪኑ ላይ 80 ዲግሪ ንቅንቅ ሳይል ሲቆም ያ ንባብ ሳይሆን ምትክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ቮልቴጁን ማየት፣ ወይም ኮዱን አጥፍቶ ወዲያው ማንበብ ያዋጣል። ርካሾቹ መሣሪያዎች የዘይት ሙቀትን ጭራሽ ላያሳዩም ይችላሉ፤ ያ የመኪናው ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ነቅሎ ማየት ነው፤ ለፒ0197ና ለፒ0198 ዳኛው እሱ ነው። ስካነሩ እየተነበበ የሴንሰሩ ሶኬት ይነቀላል። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ንባቡ ወደ ከዜሮ በታች 40 ይወርዳል። ከዚያ በሶኬቱ በኩል ያሉትን ሁለት ጉድጓዶች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው፤ ንባቡ ወደ ከፍተኛው ሙቀት መዝለል አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ያኔ ሴንሰሩን መውቀስ ይቻላል። ሶኬቱ ተነቅሎም ንባቡ እንደ እሳት ከሞቀ ሲግናል ሽቦው የሆነ ቦታ ሾርት አድርጓል። ተገናኝቶም ከቀዘቀዘ ሽቦው ተበጥሷል፤ ሲግናሉን ከሴንሰሩ ግራውንድ ይልቅ ከሞተሩ አካል ጋር አነካክቶ ማየት ከሁለቱ ሽቦዎች የትኛው እንደተበጠሰ ይለያል። ተርሚስተሩ ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ይህ ማገናኘት ኮምፒውተሩን አይጎዳም፤ በውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ከጥቂት ሚሊ አምፒር በላይ አያሳልፍም። ግፊትንና ሙቀትን አንድ ላይ የሚለካ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ግን ዲያግራም ሳያዩ ምንም ማገናኘት አያስፈልግም። ከሽቦዎቹ አንዱ ሌሎች ሴንሰሮችም የሚካፈሉት 5 ቮልት ነው፤ እሱ ሾርት ከሆነ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። በባትሪ አምፖል መፈተሽም እንዲሁ ይቅር።

የመልቲሜትር ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ጥቅሙም የተበጠሰውን ከማግኘት ይልቅ የታመመውን መለየት ነው። ኒሳን በብዙ ሞተሮቹ ላይ ለዘይት ሙቀት ሴንሰሩ የሚሰጠው ልክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ20 ዲግሪ ሬዚስታንሱ ከ2.1 እስከ 2.9 ኪሎ ኦም፣ ቮልቴጁ 3.5 አካባቢ ነው። በ50 ዲግሪ ከ0.68 እስከ 1 ኪሎ ኦም፣ 2.2 ቮልት። በ90 ዲግሪ ከ236 እስከ 260 ኦም፣ 0.9 ቮልት። ከነዚህ ቁጥሮች ተነሥቶ ቢሰላ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ሬዚስታንስ አንድ ኪሎ ኦም ገደማ መሆኑ ይገኛል።

አሁን ሶኬቱ ውስጥ ዝገት ገብቶ 500 ኦም ጨመረ እንበል። ጠዋት ዘይቱ 20 ዲግሪ ሳለ ሴንሰሩ 2500 ኦም ነው፤ ከዝገቱ ጋር 3000 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ 15 ወይም 16 ዲግሪ ያነባል። ይህን ማንም አያስተውለውም፤ የጠዋቱንም ፈተና ያልፋል። ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 90 ሲደርስ ግን ሴንሰሩ 248 ኦም ገደማ ነው፤ ያ 500 ኦም ሲጨመርበት 748 ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያነበው 53 ወይም 54 ዲግሪ ነው። እውነተኛው 90፣ የሚነበበው 54! ሞተሩ «ዘይቱ እምቢ አለ፣ አይሞቅም» ብሎ ፒ0196 ያወጣል። መካኒኩ በማግስቱ ጠዋት በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ለክቶ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል።

የተገላቢጦሹም አለ። የሽቦው ልባስ ረጥቦ ወይም ተላልጦ 5 ኪሎ ኦም ያህል ወደ ግራውንድ ቢያፈስ በሞቀ ሞተር ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ 248 ኦም 236 ቢሆን ማን ያውቀዋል። በቀዝቃዛው ግን 2500 የነበረው ወደ 1670 ይወርዳል፤ 20 ዲግሪ የሆነው ዘይት 30 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ መስመሩ ላይ የተጨመረ ሬዚስታንስ በሙቅ ይጋለጣል፣ ፍሳሽ ደግሞ በቀዝቃዛ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ባመቸ ሰዓት የሚደረግ ልኬት ግማሹን ጥፋት የሚያመልጠው ለዚህ ነው። ኦሲሎስኮፕ የሚያነሱም አሉ፤ የዘይት ሙቀት ግን በደቂቃዎች የሚለወጥ ቀርፋፋ ሲግናል ነውና ደህና መልቲሜትር ያለው ሰው ብዙም አይጎድልበትም።

ፒ0196 ሲነሳ ነገሩ ከኤሌክትሪክ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። እኔ ከአምስቱ ኮዶች በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል የምለው ይህን ነው፤ ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሮ ሳይታመን የሚቀርበት ኮድ ነውና። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በቁልቁለት መንገድ ላይ በደንብ አይሞቅም፤ ዘይቱም እንዲሁ። ዘይት ከጎደለ፣ ወይም ከተባለው ውፍረት ውጭ የሆነ ዘይት ከተሞላ ንባቡ ይለወጣል። የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 አሜሪካ ውስጥ በፎርድ ትላልቅ ፒክአፖች ላይ የተገጠመው 6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ ነው። የዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በራዲያተር ውሃ ዝቃጭ ይደፈናል። ሲደፈን የዘይቱ ሙቀት ከውሃው እየራቀ ይሄዳል። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው በተስተካከለ ፍጥነት እየተጓዘ ልዩነቱ ከ15 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከ8 ገደማ ካለፈ ማቀዝቀዣው እየተደፈነ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ከሱ አልፎ የሚሄደው ውሃ ስለሚያንስ ቀጥሎ የሚጎዳው የጭስ ማቀዝቀዣው ነው፤ የዚያ ጣጣ ደግሞ ቴስታታ እስከ ማስነሳት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባለቤቶች ሁለት የሙቀት ንባብ ጎን ለጎን ማየትን የለመዱት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሞተር የያዘ ሰው «ሴንሰሩ ይዋሻል» ብሎ ቢቀይረው የሚያጠፋው ከሴንሰር ዋጋ በላይ ነው።

ያው ጥንቃቄ እኛም ዘንድ ያስፈልጋል። ጭነት ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል፤ እዚያ ላይ ዘይቱ 115 ወይም 120 ዲግሪ ቢነበብ ሴንሰሩን ከመጠርጠር በፊት ሞተሩ እየሠራ ያለውን ሥራ ማሰብ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ጭነት እየሄደ ያው 120 ከታየ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሽቦው ላይ ጥፋት የሚመጣው ከየት ነው? በከተማችን አንዱ ምንጭ ላቫጆ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ ኮፈኑ ተከፍቶ በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ አንዳንዱም በናፍታ ቀድሞ ይቀባል። ትኩስ ሶኬት በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በጎሚኒው በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ከሳምንታት በኋላ ፒኖቹ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላሉ። ሁለተኛው ዘይቱ ራሱ ነው፤ የሴንሰሩ ማኅተም ሲያረጅ ዘይት በፒኖቹ በኩል ወጥቶ ሶኬቱን ይሞላል፣ አልፎ ተርፎም በመዳብ ክሮቹ መካከል እየተሳበ በሽቦው ውስጥ ይጓዛል። ሶኬቱን ነቅሎ በጣት መንካት፣ ከውስጥ የዘይት ቅባት ካለ ማሽተት፣ ፒኖቹን በመብራት ማየት፣ ከዚያ በኮንታክት ክሊነር ማጠብ፤ ይህ ብቻውን ስንቱን ኮድ ያጠፋል። ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ የሚገኘው ከዘይት ፊልትሮው መያዣ አጠገብ ወይም በሞተሩ ጎን በመሆኑ ፊልትሮ ሲቀየር ሽቦው ይጎተታል። ሞተር ወርዶ ከተመለሰ በኋላ የመጣ ኮድ ከሆነ ደግሞ ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ ማየት ይቀድማል፤ መያዣው ሳይመለስ ቀርቶ የጭስ ማውጫው ላይ ያረፈ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ይገኛል።

ፒ0199 ሲሆን ጥፋቱ ፊት ለፊት አይቆምም። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ አንድ ሰው ስካነሩን እያየ፣ ሌላው ሽቦውን ከሴንሰሩ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው። የዘይት ሙቀት በቅጽበት 30 ዲግሪ መዝለል አይችልም፤ ስለዚህ ንባቡ በዘለለበት ቦታ ጣት ያረፈበት ሽቦ ጥፋተኛ ነው። ኮዱ ሲወጣ የተመዘገበውን ቅጽበታዊ መረጃም ሳያጠፉ ማየት ያስፈልጋል። መኪናው በምን ፍጥነት፣ በምን ሙቀት ላይ እንደነበረ ተጽፏል፤ ገና ሲነሳ ነው ወይስ ከሰዓት ጉዞ በኋላ? ብዙ ጋራዥ ግን ኮዱን አንብቦ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን መቀየሩ ይቀድማል? መካኒኩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ደንበኛው ለዕቃ ይከፍላል፤ ለፍለጋ አይከፍልም። አንድ ኤሌክትሪሺያን አንድ ሰዓት ሽቦ ሲከታተል ቆይቶ ተበጥሶ ያገኘውን ቀጥሎ ሲያስረክብ «ምን ቀየርክልኝ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሴንሰር ገዝቶ በአምስት ደቂቃ የገጠመው ግን ደረሰኝ ያሳያል። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በእጅ ያለው መኪና ብዙ ዓመት መቆየት አለበት፤ የሽቦ ችግር ደግሞ ከዕድሜ ጋር የሚበዛ ነው። ለፍለጋ ሰዓት ዋጋ ወስኖ ቀድሞ የሚነግር ጋራዥ ካገኛችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ዕቃ ባይቀይርም።

የተበጠሰው ከተገኘ በኋላ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የሞተር ክፍል ውስጥ አይበረክትም፤ በሶልደር ወይም በጥሩ መቆንጠጫ ተገናኝቶ ውሃ በማያስገባ ሽፋን መሸፈን፣ ከጭስ ማውጫውም መራቅ አለበት። ሽቦው ከጫፍ ጫፍ ጤነኛ ሆኖ በሲግናሉ ላይ 5 ቮልት ጭራሽ ካልመጣ ብቻ ኮምፒውተሩ ይጠረጠራል፤ ይህ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። መጠገኑ የሚረጋገጠውም ኮዱን በማጥፋት አይደለም፤ አንዴ በቀዝቃዛ፣ አንዴ በሙቅ ሞተር ንባቡን ከውሃው ጋር አነጻጽሮ ነው። ኮዱ ሳይጠፋ ቢተውም ጥፋቱ በእርግጥ ከተወገደ መብራቱ ከተከታታይ ሦስት ጤነኛ ጉዞ በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ ኮዱ ደግሞ ሞተሩ 40 ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ከማኅደሩ ይሰረዛል። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂንያ መኪና ለሚነዱ ወገኖቻችን በመጠገንና ኮድ በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ነው። የጭስ ምርመራ ጣቢያው ቼክ ኢንጅን የበራበትን መኪና ይጥላል፤ በዋዜማው ኮድ አጥፍቶ የመጣውንም ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ገና አልጨረሰም ብሎ ይመልሳል። ፈተናዎቹ እስኪሞሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ማስነሳትንና የአውራ ጎዳና ጉዞን የሚጨምር የጥቂት ቀናት መንዳት ያስፈልጋል።